የብሳናው ክስና የጠርሙሱ ምስክርነት

ብሳናው ክሱን የረታው በመስቀል ሰሞን ነው። አንድ ቅጠል ሳይቀረው ራቁቱን የቆመው ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት ነው። ሁለቱም የደረሱት በአንድ ዛፍ ላይ፣ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ባለ ደን ውስጥ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ሰሚ ጆሮውን ይስጥ፤ ተናጋሪም ያየውን ይናገር፣ ያላየውን አላየሁም ይበል።

በዚያ ዘመን ዛፍ ይከሳል፣ ትል ይከሰሳል፣ ጠርሙስ ይመሰክራል። ዳኛው ጉሬዛ ነበር። ጉሬዛ ዳኛ የሆነው ነጭና ጥቁር ካባ ስላለው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልተገኘም። እሱ ራሱ ቅጠል በል ነው፤ ይህን በሸንጎ ያነሳ ግን የለም።

ሸንጎው የሚቀመጠው በዋርካው ሥር ነበር። ሁለት ደንብ ነበረው። አንደኛው፣ በክረምት አይቀመጥም፤ ጭቃ ነው፣ ካባ ያበላሻል። ሁለተኛው፣ ተጠያቂ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፤ ያልተጠየቀውን የጨመረ ይቀጣል። እነዚህን ደንቦች ማን እንዳወጣቸው የሚያስታውስ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም ያከብራቸው ነበር።

የብሳናው ችግር እንዲህ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ቅጠሉ ጋሻ ያህላል። ዝናቡ ሲያባራ ቅጠሉ ወንፊት ነው። የሚበሉት አባጨጓሬዎች ናቸው፤ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ጀርባቸው እሾህ የለበሰ። ክረምቱን ሙሉ ይበላሉ። ክረምቱ ወጥቶ ሸንጎው ሲቀመጥ ግን አንድም አባጨጓሬ አይገኝም። የት እንደሚገቡ ብሳናው አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ቅጠሉ እየሳሳ፣ ቅርንጫፉ ከጫፉ እየደረቀ ነው። ቅጠል የሌለው ዛፍ ስንት ክረምት እንደሚቆም ያውቃል።

ስለዚህ ከሰሰ።

መጀመሪያ የከሰሰው በቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ያገኘውን የሐር ከረጢት ነው።

“ተጠየቅ” አለ ብሳናው።

“ልጠየቅ” አለ ከረጢቱ፤ ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ ይመስል ነበር።

“ቅጠሌን በልተሃል?”

“በምን አፌ?”

ዳኛው ከረጢቱን ዞሮ አየው። በር የለውም፣ መስኮት የለውም፣ አፍ የለውም። “አፍ የሌለው አልበላም” ሲል ፈረደ።

በሚያዝያ ከረጢቱ ተከፈተ። ከውስጡ ትልቅ የእሳት እራት ወጣች። ክንፏ የደረቀ ቅጠል ይመስላል፤ በእያንዳንዱ ክንፏ ላይ ደግሞ እንደ ዓይን ያለ ክብ አለ። ብሳናው እሷንም ከሰሰ።

“ተጠየቂ።”

“ልጠየቅ።”

“ቅጠሌን በልተሻል?”

“ሳልበላ መጣሁ፣ ሳልበላ እሄዳለሁ” አለች የእሳት እራቷ። “አፍ አልተሰጠኝም። እዩኝ።”

ዳኛው ጎንበስ ብሎ አየ። እውነቷን ነው፤ አፍ የላትም። “አፍ የሌለው አልበላም” ሲል ፈረደ። አፍ የሌላት እንዴት እንደተናገረች ሸንጎው አልጠየቀም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ብሳናው ከቅጠሉ ሥር እንቁላሎች አገኘ። ሰብስቦ ከሰሳቸው።

“ተጠየቁ።”

“እንጠየቅ” አሉ እንቁላሎቹ ባንድ ድምፅ።

“ቅጠሌን በልታችኋል?”

“ገና መወለዳችን ነው። ምግብ ምን እንደሆነ እንኳ የነገረን የለም።”

ዳኛው አያቸው። ከእንቁላል ላይ አፍ መፈለግ ለራሱም አሳፈረው። “አፍ የሌለው አልበላም” ሲል ፈረደ።

ብሳናው ተቆጣ። “ጌታዬ ዳኛው፣ ከረጢቱ አልበላም፣ እራቷ አልበላችም፣ እንቁላሉ አልበላም። ታዲያ ቅጠሌ የት ሄደ? ነፋስ ዘንጥሎ ሸጠው?”

“ማን በላው ትላለህ?”

“አባጨጓሬው በላው። አባጨጓሬውን አቅርቡልኝ።”

“አባጨጓሬ የሚኖረው በክረምት ነው” አለ ጉሬዛው። “ሸንጎ ደግሞ በክረምት አይቀመጥም።”

“እንግዲያው ክረምቱ ሲወጣ ምን እንደሚሆን የሚያይ ምስክር ይሰጠኝ። ምን ሆኖ እንደሚሸሽ ካወቅሁ፣ በዚያ መልኩ እከሰዋለሁ።”

ይህ አሳማኝ ነበር። ዳኛው አሰበ። በደኑ ዳር የነፍሳት ጥናት ቤት እንዳለ፣ በቤቱም ሰዎች ትል በጠርሙስ እንደሚያሳድጉ ሰምቷል።

“ጠርሙስ የሚደብቀው የለም” አለ። “በዚህ ክረምት አንድ አባጨጓሬ ወደ ጠርሙስ ይግባ። ጠርሙሱ ከዚያ ትል የሚወጣውን አይቶ ይመስክር። የወጣው እሱ በላተኛው ነው።”

የእሳት እራቷ ይህን ስትሰማ እንቁላሎቿ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ሹክ አለቻቸው። አደራ ነበር። ምን እንዳለች ያን ጊዜ የሰማ የለም። በማግስቱ ሞተች፤ ዕድሜዋ ያው ነበር።

ክረምቱ ገባ። እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ፣ አባጨጓሬዎቹ መብላት ጀመሩ። ወፈር ሲሉ ተሰብስበው ተማከሩ፤ ከመካከላቸውም አንዱን መረጡ። አንገቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለበትን።

“ወንድማችን፣ አንተ ሂድ” አሉት።

“ለምን እኔ?”

“ጨዋ ስለሆንክ ነው።”

“እናንተስ?”

“እኛ ብዙ እንበላለን፤ ሰዎቹን እናስቸግራለን።”

ጨዋ መባል የማይወድ የለም። ወርዶ ከሁሉ ዝቅ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠ።

በጥናት ቤቱ ዶክተር ስመኝ የምትባል ሴት ነበረች። ሳጥኗ ውስጥ በመርፌ የተሰኩ የእሳት እራቶች አሉ። መደርደሪያዋ ላይ ደግሞ ትሎች አሉ። የትኛው ትል የትኛዋን እራት እንደሚሆን ግን ገና አላወቀችም። የእሷና የብሳናው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ሁለቱ ግን ተነጋግረው አያውቁም። ረዳቷ አቶ አደሎ ነበሩ፤ በዕድሜ ይበልጧታል፣ ዝናብም አይወዱም።

“ዶክተር፣ ይሄኛው ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። የሚጠብቀን ነው የሚመስለው” አሉ አቶ አደሎ ከዣንጥላቸው ሥር።

“እንግዲያው አናስጠብቀው” አለች። በወረንጦ አነሳችውና አየችው። “ጋሽ አደሎ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ነገር አለ።”

“አቧራ ነው።”

“በዚህ ዝናብ አቧራ ከየት መጣ?”

“እንግዲያው የወፍ ኩስ ነው። ዶክተር፣ እግሬ ርሷል።”

“ይሁን” አለች። አባጨጓሬውን ጠርሙሱ ውስጥ ከተተችው፤ አፉንም በስስ ጨርቅ አሰረችው።

ጠርሙሱ ኩሩ ነበር። “እኔ ዘንድ ጓዳ የለም” አለው ለእንግዳው። “የምትሠራው ሁሉ ይታያል። ልብ በል።”

“ቅጠል ይመጣልኛል?”

“በየጠዋቱ ይመጣልሃል። ኩስህንም ይጠርጉልሃል።”

“ጥሩ ቤት ነው” አለ አባጨጓሬው።

እውነትም ጥሩ ቤት ነበር። ወፍ የለም፣ ጉንዳን የለም፣ ዝናብ የለም። ትኩስ ቅጠል በየጠዋቱ ይገባል፤ አቶ አደሎ ቅጠሉን በጨርቅ አድርቀው ነው የሚያስገቡት። አባጨጓሬው በላ። ቆዳው ሲጠበው ገፈፈና ሌላ ለበሰ። ደግሞ በላ።

አንድ ቀን “ሆዴን ያሳክከኛል” አለ።

“የበላኸው ቅጠል ነው” አለ ጠርሙሱ።

ሌላ ቀን “ሆዴ ውስጥ የሚላወስ ነገር አለ” አለ።

“የበላኸው ቅጠል ነው።”

በመጨረሻም “የምበላው አያጠግበኝም። ለሌላ ሰው የምበላ ይመስለኛል” አለ።

“የበላኸው ቅጠል ነው” አለ ጠርሙሱ። ጠርሙስ ግልጥ ይሁን እንጂ የሌላውን ሆድ አያይም።

ከዚያ ወዲያ አባጨጓሬው ከአፉ ሐር እያወጣ በዙሪያው ከረጢት ሠራ። ገባና ዘጋው።

ክረምቱ ወጣ። በመስቀል ሰሞን ከረጢቱ ተበሳ። ጠርሙሱ ዓይኑን አልነቀለም። ከውስጡ ጥቁር፣ ጀርባዋ ጠጉራም፣ ዓይኗ ቀይ የሆነች ዝንብ ወጣች።

“ዶክተር” አሉ አቶ አደሎ፣ “ልጅዎ ወጣ።”

“ምን ይመስላል?”

“ዝንብ ይመስላል።”

“ይመስላል ነው ወይስ ነው?”

“ነው።”

ዶክተር ስመኝ መጥታ አየች። ፊቷ አልተለወጠም። “ተበላሽቷል” አለች። “ያጋጥማል። አውጥተው ይጣሏትና ጠርሙሱን ይጠቡት።”

“ሳጥኑ ውስጥ አንሰካትም?”

“ጋሽ አደሎ፣ እኔ የምሰበስበው የእሳት እራት ነው።”

አቶ አደሎ ጠርሙሱን በመስኮት ገልብጠው አራገፉት። ዝንቧ ወጥታ በቀጥታ ወደ ብሳናው በረረች። ብሳናው በየቅጠሉ አንገት ላይ ጣፋጭ ጠብታ አለው፤ ዝንቦች ይህን ጠብታ ሲልሱ ኖረዋል። ለምን እንደሚሰጣቸው ብሳናው ራሱ ረስቶታል። አባቱም ይሰጥ ነበር፣ እሱም ይሰጣል።

ሸንጎው ተቀመጠ። ጉሬዛው በመስኮት ገብቶ ጠርሙሱን ወሰደ። አቶ አደሎ ጅራቱን ብቻ አዩ።

“ጠርሙሳችንን ጉሬዛ ወሰደው” አሉ።

“ጉሬዛ ጠርሙስ ምን ያደርግለታል?” አለች ዶክተር ስመኝ።

“ምን አውቃለሁ። ማር ሊያስቀምጥበት ይሆናል።”

በዋርካው ሥር ጠርሙሱ በዳኛው ፊት ቆመ።

“አባጨጓሬው ገብቶብሃል?”

“ገብቷል።”

“ቅጠል ሲበላ አይተሃል?”

“አይቻለሁ።”

“ከሌላ ሰው ጋር ተገናኝቷል? የገባ አለ? የወጣ አለ?”

“ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም።”

“በመጨረሻ ከከረጢቱ ማን ወጣ?”

“ዝንብ።”

ሸንጎው አጉረመረመ። ከሁሉም ይልቅ የተገረመው ብሳናው ነው፤ ዝንቧ በዚያች ሰዓት ቅጠሉ አንገት ላይ ተቀምጣ ጠብታ ትልስ ነበር።

“ጉድ ነው” አለ ብሳናው። “በክረምት ቅጠሌን ትበላለች፣ በበጋ መጥታ ጠብታዬን ትልሳለች።”

ዝንቧ ተጠራች።

“ተጠየቂ” አለ ብሳናው።

“ልጠየቅ።”

“ቅጠሌን በልተሻል?”

“ቅጠል በልቼ አላውቅም” አለች ዝንቧ። “የበላሁትን ከጠየቃችሁኝ ግን . . .”

“የተጠየቅሽውን መልሺ” አለ ዳኛው።

“መለስሁ።”

“ከጠርሙሱ የወጣሽው አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ።”

“አፍ አለሽ?”

ዝንቧ አፏን አሳየች። ከተከሳሾች ሁሉ አፍ የተገኘባት እሷ ብቻ ነበረች።

ጉሬዛው ካባውን አስተካክሎ ፈረደ። “ምስክሩ ግልጥ ነው። አፉም ተገኝቷል። ዝንቧ ከነዘሯ ከብሳናው ትራቅ። ብሳናውም ጠብታውን ይዝጋ።”

ብሳናው በዚያው ቀን ጠብታውን ዘጋ። ዝንቦቹ ቀምሰው አጡ፤ ወንዙን ተሻግረው ማዶ ወዳለው ሌላ ብሳና ሄዱ። ጉሬዛው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ መለሰ። በደኑ ፍርዱን ያላደነቀ አልነበረም።

ክረምቱ ደግሞ ገባ። አባጨጓሬዎቹም መጡ። ብሳናው “እናንተ ደግሞ ከየት መጣችሁ? ዝንቧን አባርሬያለሁ” አላቸው።

“እሱንማ ሰምተናል” አሉትና መብላት ቀጠሉ።

መጀመሪያ የታች ቅጠሎቹን ጨረሱ። ቀጥለው የመካከሉን ጨረሱ። በመጨረሻ ከጫፍ ያሉትን ቡቃያዎች ጨረሱ። ከዚያ በፊት በየክረምቱ ቅጠሉ ወንፊት ይሆን ነበር። በዚህ ክረምት ወንፊት የሚሆን ቅጠል አልቀረም። ከሥሩ የሚጠለሉ በጎች ሌላ ዛፍ ፈለጉ። ወፎች ጎጇቸውን ትተው ሄዱ። ብሳናው ቆመ፤ መቆም ብቻ ነበር የቀረው።

ዶክተር ስመኝና አቶ አደሎ በዚያ ክረምት ከብሳናው ብዙ አባጨጓሬ ሰበሰቡ። መደርደሪያው በጠርሙስ ሞላ። ሁሉም በሉ፣ ሁሉም ከረጢት ሠሩ፣ ሁሉም ተኙ። ሚያዝያ ሲደርስ ከረጢቶቹ ተከፈቱ። ከእያንዳንዱ የእሳት እራት ወጣች፤ ክንፏ የደረቀ ቅጠል የሚመስል፣ በክንፏ ላይ ክብ ዓይን ያለ። ክንፎቻቸው ጎባጣ አልነበሩም፣ ቀለማቸውም አልደበዘዘም።

“አወቅናት” አለች ዶክተር ስመኝ። “የብሳናው ትል ይህችን ነው የሚሆነው።”

“ዘንድሮ አንድ ዝንብ እንኳ አልወጣም” አሉ አቶ አደሎ።

“ጥሩ ዓመት ነው።”

አሮጌው ጠርሙስ ይህን ከመደርደሪያው ሆኖ ሰማ። በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ዘንድሮ ዝንብ የለም። ዘንድሮ ብሳናው ቅጠል የለውም። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በመስታወትነቱ ዘመን እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር።

ጉሬዛው በመስኮቱ ሲያልፍ ጠራው። ሸንጎው ተቀመጠ።

“ጌታዬ ዳኛው፣ ያየሁት ተለውጧል” አለ ጠርሙሱ። “ቅጠል በል ከነበሩት ዘንድሮ የወጡት እራቶች ናቸው። ዝንብ የወጣችበት ያ አንዱ ብቻ ነው። እሱ አንገቱ ላይ ነጭ ነጥብ ነበረው፤ ሆዱ ውስጥ የሚላወስ ነገር አለ ይል ነበር። እነዚህ ነጥብ የላቸውም፤ ሆዳቸውም ደህና ነበር።”

“ይህን ያን ጊዜ ለምን አልነገርከንም?”

“አልተጠየቅሁም።”

ዝንቧን ከወንዝ ማዶ አስጠሩ። ያቺ የጠርሙሱ ዝንብ ሞታለች፤ ልጇ መጣች። በዚህ ጊዜ የጠየቀው ዳኛው ራሱ ነው።

“ዘርሽ ቅጠል ካልበላ ምን ይበላል?”

“አባጨጓሬ” አለች ዝንቧ። “እናቶቻችን እንቁላላቸውን አባጨጓሬው አንገት ላይ ይጥላሉ። ነጩ ነጥብ እሱ ነው። ስንፈለፈል ወደ ውስጥ እንገባለን፤ ከውስጥ እንበላዋለን። እሱ ከረጢቱን ይሠራል፣ እኛ እንወጣበታለን።”

አንድ በግ አመነዠከ።

“ይህን እናትሽ ያን ጊዜ ለምን አልተናገረችም?”

“ቅጠል በልተሻል ወይ ተባለች፤ አልበላሁም አለች። ልትጨምር ስትል የተጠየቅሽውን መልሺ ተባለች።”

አንዲት የእሳት እራት በዋርካው ግንድ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ዳኛው ወደ እሷ ዞረ።

“ነጥብ ያለበትን ወደ ጠርሙሱ የላካችሁት አውቃችሁ ነው?”

“ከአያቴ የወረደ አደራ ነው” አለች። “ነጥብ ያለበትን ላኩ፤ ከእሱ እኛ አንወጣም ብላናለች።”

“እናንተስ ለምን አልተናገራችሁም?”

“አልተጠየቅንም። ደግሞም አፍ የለንም።”

ጉሬዛው በእራቷ ላይ ሊፈርድ ካባውን አስተካከለ። ካባውን እስኪያስተካክል እራቷ ከግንዱ ላይ ወደቀች። ሞታ ነበር። እንቁላሎቿ ብቻ ቀሩ፤ እነሱ ደግሞ አፍ የላቸውም።

ያን ጊዜ እስከዚያ ቀን ጥላ ከመስጠት በቀር ተናግሮ የማያውቀው ዋርካ ተናገረ። “ዳኛ ያልጠየቀውን ዛፍ በቅጠሉ ይከፍላል” አለ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አልተናገረም።

ብሳናው በተረፈው አቅም ጥቂት ቅጠል አወጣ። በየቅጠሉ አንገት ላይ ጠብታውን ከፈተ። ዝንቧ ይቅርታ ጠይቀኝ አላለችም፣ አመሰግናለሁም አላለችም። ቀመሰችና ተቀመጠች። በማግስቱ እህቶቿ መጡ።

ተረት በምሳሌ ያልቃል ይባላል፤ ምሳሌው ተነግሯል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ በጥናት ቤቱ ካሉት ከረጢቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተራ በተራ ተበሱ። ከተበሱት ሁሉ ዝንብ ወጣ። አቶ አደሎ ጠርሙሶቹን በሣጥን ተሸክመው ወደ ውጭ አወጡ፤ አንድ በአንድ እየከፈቱ አራገፉ።

“ባለፈው ዓመት አንድም አልነበረም” አሉ። “ዘንድሮ ምን ነካን?”

“መጥፎ ዓመት ነው” አለች ዶክተር ስመኝ።

ፀሐይ ነበር። ይህን ስትል የተቀመጠችው ብሳናው ሥር፣ ጥላው ውስጥ ነው።